ሦስተኛውን አንቲባዮቲክ ከመግዛትዎ በፊት፦ ሦስት ወር ስለዘለቀ ሳል የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እናቴ 56 ዓመቷ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ጉንፋን ያዛት፤ ጉንፋኑ ለቀቃት፣ ሳሉ ግን አልለቀቃትም፤ ይኸው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ደረቅ ሳል ነው፤ ጉሮሮዋን ያሳክካታል፣ ማታ ጋደም ስትል ደግሞ ይብስባታል። ከፋርማሲ መጀመሪያ አሞክሳሲሊን፣ ቀጥሎ አዚትሮማይሲን ገዝተን ወስዳ ጨርሳለች፤ ሁለት ጠርሙስ ሽሮፕም ጠጥታለች። አሁን ሲፕሮፍሎክሳሲን ይጠነክራል ተባልን። የደም ግፊት ስላለባት ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች፤ የምትጋግረውም በማገዶ ነው። አባቴ ከዓመታት በፊት ቲቢ ታክሞ ድኗል። የ2 ዓመቱ የእህቴ ልጅም ካለፈው ሳምንት ወዲህ ይስላል፤ ጎረቤቶች እንጥሉን አስቆርጡት እያሉን ነው። ለእናቴ የትኛው አንቲባዮቲክ ይሻላል? ሽሮፑስ የደረቅ ሳል ይሁን ወይስ የእርጥብ?»

ምላሽ፦ ሲፕሮፍሎክሳሲኑን አይግዙ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ በተከታታይ ተወስዶ ሳሉ ካልተነቃነቀ፣ ሊገመት የሚገባው መድኃኒቶቹ አቅም እንዳነሳቸው ሳይሆን ሳሉን ያመጣው ነገር በእነዚያ መድኃኒቶች የሚገደል ባክቴሪያ አለመሆኑ ነው። በዚህ ላይ ሦስተኛ መጨመር እናትዎን ለተቅማጥ፣ ለአለርጂና ለወጪ ከመዳረግ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው። እርሱና ከአንድ ወገን የሆኑት ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን በቲቢ ባክቴሪያ ላይ የተወሰነ ኃይል አላቸው፤ ስለዚህ ለብቻቸው ሲወሰዱ ቲቢውን ሳያድኑ ምልክቱን ለጥቂት ሳምንታት ያደበዝዛሉ፣ ምርመራው እንዲዘገይ ያደርጋሉ፣ ባክቴሪያውም እንዲላመዳቸው በር ይከፍታሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲታከም ዋና መሣሪያ ሆነው የሚያገለግሉት ከዚሁ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በመሆናቸው በግምት ሊባክኑ አይገባም።

መታረም ያለበት የመጀመሪያው አስተሳሰብ ሳልን እንደ አንድ በሽታ ቆጥሮ የሚጠነክርበትን መድኃኒት መፈለግ ነው። ሳል ምልክት ነው። በጉሮሮ፣ በአየር ቧንቧና በቅርንጫፎቹ ግድግዳ ላይ ጭስ፣ አቧራ፣ አክታ ወይም ከጨጓራ የወጣ አሲድ ሲነካቸው የሚነቁ የነርቭ ጫፎች አሉ። መልእክታቸው ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰውየው ሳያስበው አየር ይስባል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይዘጋሉ፣ የደረትና የሆድ ጡንቻዎቹ ይጨመቃሉ፣ የታመቀውም አየር በኃይል ይወጣል። የቬገስ ነርቭ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ምግብ ቧንቧ፣ አልፎም ወደ ጆሮ ቦይ ይዘረጋል፤ ጆሯቸውን ሲኮረኩሩ ሳል የሚነሣባቸው ሰዎች ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የሳል መነሻ ሳንባ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ አፍንጫ፣ ጨጓራ፣ ልብ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ጭምር ሊሆን ይችላል።

እኔ ሕመምተኛ ሲቀርብልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ሳሉ ስንት ሳምንት እንደሆነው ነው። ለአዋቂ ሰው ከ3 ሳምንት ያነሰ ሳል አጣዳፊ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከጉንፋንና ከሌሎች የቫይረስ ሕመሞች ጋር ይመጣና ራሱ ይሄዳል። ከ3 እስከ 8 ሳምንት ያለው መካከለኛው ነው፤ ቫይረሱ ከሄደ በኋላ የአየር ቧንቧው ሽፋን ቆስሎና ተቆጥቶ ስለሚቆይ የሚቀር ሳል በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከ8 ሳምንት ያለፈው ሥር የሰደደ ሳል ነው፤ ይህን «የጉንፋን ርዝራዥ» እያሉ ማለፍ አይቻልም። ሰዎች ጉንፋን ሲይዛቸው ሳሉ በአንድ ሳምንት እንዲቆም ይጠብቃሉ፤ በእርግጥ ሲታይ ግን በአማካይ 18 ቀን ገደማ ይቆያል። አንቲባዮቲክ ያለ አግባብ የሚወሰደው በአብዛኛው በዚህ በሚጠበቀውና በእውነተኛው ጊዜ መካከል ነው፤ በ8ኛው ወይም በ9ኛው ቀን ክኒን ይጀመራል፣ ሳሉ በራሱ ጊዜ ሲቆም ምስጋናው ለክኒኑ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ክኒን ይፈለጋል። የእናትዎ ሳል ግን ሦስት ወር ሊሞላው ነውና ከዚህ የጊዜ ወሰን ሁሉ አልፏል።

ደረቅና እርጥብ የሚለው ክፍፍል ጥቅም የለውም አልልም፤ ነገር ግን ፋርማሲ ውስጥ ከሚሰጠው ክብደት በጣም ያነሰ ነው የሚናገረው። ብዙ አክታ በየዕለቱ የሚወጣ ከሆነ የአየር ቧንቧ መስፋት፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ (የአየር ቧንቧ ቁጣ) ወይም በሳንባ ውስጥ የቋጠረ መግል ይታሰባል፤ ደረቅ ሲሆን ወደ አስም፣ ወደ መድኃኒት ጉዳት፣ ወደ አሲድ መመለስ ያዘነብላል። ሆኖም ቲቢ በመጀመሪያ ወራቱ ደረቅ ሳል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አስምም አንዳንድ ጊዜ ወፍራም አክታ ይዞ ይመጣል። የአክታው ቀለምም እንደሚወራው አይደለም። አክታ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሚሆነው በውስጡ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች በያዙት ኢንዛይም ነው፤ እነዚህ ሴሎች ደግሞ በቫይረስ ጊዜም ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ሌላ ምልክት ሳይኖር ቀለሙ ብቻ አንቲባዮቲክ ለመጀመር ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ እናትዎ ጉዳይ ልግባ። የጻፉልኝ ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ሦስት ምክንያቶች በግልጽ ይታዩበታል፣ ቅደም ተከተላቸውም ሊጠበቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ቲቢ ነው፤ ዕድሉ ከሌሎቹ ይበልጣል ብዬ ሳይሆን ቢዘነጋ የሚያስከትለው ጉዳት ከሁሉም ስለሚበልጥ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመደባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ በአገራችን መመሪያም 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ማንኛውም ሰው ለቲቢ መመርመር አለበት። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ማንኛውም ሳል ለምርመራ ይበቃል። እናትዎ ከዚህ ወሰን ብዙ ሳምንት አልፈዋል። የባለቤታቸው መታመምም ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ ከቲቢ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ቤት የኖረ ሰው የመታመም ዕድሉ የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢሆንም፣ ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊነሣ ይችላል። «አልከሳችም፣ ማታ አያልባትም፣ ደምም አልተፋችም» የሚለው መጽናኛ በቂ አይደለም። ደም እስኪታይ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሳንባው ተጎድቶ፣ ቤተሰቡም ተጋልጦ ነው የሚደርሰው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ግን በትክክል ካልተሰጠ ያታልላል። ሁልጊዜ የማየው ስሕተት በዕቃው ውስጥ አረፋ ያለው ምራቅ ተፍቶ ማስረከብ ነው። እናትዎ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ አፋቸውን በውኃ ይጉመጥመጡ፤ ከቤት ወጥተው አየር ባለበት ቦታ፣ ከሰው ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሰው ከደረታቸው ጥልቀት ይሳሉና የወጣውን ወፈር ያለ አክታ ዕቃው ውስጥ ይትፉ፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ሳይውል ሳያድር ያስረክቡ። ሳላቸው ደረቅ ስለሆነ አክታው በጄ ላይል ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለሙያው በሚተነፈስ የጨው ውኃ ሊያግዛቸው ይችላልና «አክታ የለኝም» ብለው አይመለሱ። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የተላመደ መሆኑን በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከገባ በኋላ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው። ቲቢ ሆኖ ከተገኘ መደበኛው ሕክምና 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በአራት መድኃኒቶች፣ ቀሪዎቹ 4 ወራት በሁለት። የደረት ራጅም አብሮ ይነሣ፤ ሳል ከ8 ሳምንት ላለፈው አዋቂ ሁሉ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ራጁ ንጹሕ ሆነ ማለት መንስኤ የለም ማለት አይደለም፤ አስም፣ የአሲድ መመለስና የመድኃኒት ሳል በራጅ ላይ አይታዩም።

ሁለተኛው፣ እኔም በጣም የምጠረጥረው፣ ኢናላፕሪሉ ነው። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሌሎች ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያበቃ የግፊት መድኃኒቶች አንድን ኢንዛይም በመከልከል የደም ሥሮች ዘና እንዲሉ ያደርጋሉ። ይኸው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የተባለውንና መሰሎቹን ንጥረ ነገሮች የሚሰባብር ስለሆነ፣ ሲከለከል እነዚያ በአየር ቧንቧ ውስጥ ይከማቹና የሳል ነርቮችን ያነቃሉ። ከሚወስዱት ሰዎች በግምት ከመቶ 5 እስከ 20 ያህሉ ሳል ያገኛቸዋል፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። መልኩ እርስዎ የገለጹት ነው፦ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚያሳክክ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ለማንኛውም ሽሮፕ የማይበገር። ሰው ሳሉን ከመድኃኒቱ ጋር የማያያይዘው ጊዜው ስለሚያሳስት ነው፤ ሳሉ መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሰዓታት ሊመጣ እንደሚችል ሁሉ፣ መድኃኒቱን ለወራት በሰላም ከወሰዱት በኋላም ሊጀምር ይችላል። በመካከል ጉንፋን ሲገባ ጥፋቱ ሁሉ በጉንፋኑ ይላከካል።

እዚህ ላይ በጥብቅ የማስጠነቅቀው፣ ይህን አንብበው መድኃኒቱን በቤትዎ እንዳያስቆሙ ነው። ግፊት ሳይታወቅ ያሻቅባል፤ የአንጎል ደም መፍሰስ ከሳል ጋር የሚወዳደር ነገር አይደለም። ወደ ሐኪሙ ሄደው መድኃኒቱ ወደ ሌላ ወገን እንዲቀየር ይጠይቁ። ሎሳርታን፣ ቫልሳርታንና ካንዴሳርታን ተመሳሳይ ጥቅም እየሰጡ ይህን ሳል እምብዛም አያመጡም፤ አምሎዲፒንም ለብዙ ሰው የሚስማማ አማራጭ ነው። መጠኑን መቀነስ ወይም ኢናላፕሪሉን በሊሲኖፕሪል መተካት ግን አይረዳም፣ ያው አንድ ወገን ናቸውና። ከተቀየረ በኋላ ሳሉ በማግስቱ አይቆምም፤ በአብዛኛው ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል፣ አልፎ አልፎ እስከ 3 ወር ይዘገያል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው ወደ አሮጌው እንዳይመለሱ። ከዚህ የሚለይ አንድ ሁኔታ አለ፦ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ኢናላፕሪሉ ያን ዕለት ይቁም፣ ሕመምተኛዋም በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ እብጠቱ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ጭሱ ነው። በማገዶ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች ሲጋራ በአፋቸው ሳያዞሩ የአጫሾች የሳንባ ሕመም ይዟቸው ሲመጡ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሳሉን የኑሮ ዕጣቸው አድርገው ተቀብለውት ስለሚኖሩ ነው። ጭሱ የሚብሰው በማቀጣጠያው ጊዜ ነው፤ በተለይ እርጥብ እንጨት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሰጋቱራ ሲገባ ጎጆው በጢስ ይታፈናል፣ ጋጋሪዋም ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው እፍ ሲሉ በቀጥታ ወደ ሳንባቸው ይስቡታል። በዓመታት ውስጥ የአየር ቧንቧዎቹ ይጠብባሉ፤ ሳሉ የጠዋት ልማድ ይሆናል፣ ዳገት ያደክማል፣ ውኃ የያዘ ጀሪካን ማንሣት ትንፋሽ ያሳጥራል። አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ይህን አይከላከልም፤ ጋዙም ደቃቁ ብናኝም በጨርቁ ያልፋሉ። የሚረዳው እንጨቱን አስቀድሞ ማድረቅ፣ ምድጃውን ጭስ ማውጫ ወዳለው ወይም ሁለት ወገን ወደተከፈተ ቦታ ማዛወር፣ በሚቀጣጠልበት ጊዜ ከአጠገቡ መራቅ፣ ከተቻለም የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ነው። እንጀራው መተዳደሪያቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ «መጋገር ይተዉ» የሚል ምክር አልሰጥም። ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ግን ማቀጣጠሉን ሌላ ሰው ቢረከባቸው፣ ከሰልና እጣንም ከመኝታ ክፍል ቢወጣ ልዩነቱን ራሳቸው ሊያዩት ይችላሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው የሚገድል በመሆኑ ይህ ለሁሉም የቤቱ ሰው የሚሠራ ጥንቃቄ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ከታዩ በኋላ ሳሉ ካልተፈታ በአዋቂዎች ዘንድ በብዛት የሚገኙት አስም፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ፈሳሽና የጨጓራ አሲድ መመለስ ናቸው። አስም ሁልጊዜ በሲርሲርታ አይታወቅም፤ ሳል ብቻ ሆኖ የሚገለጥበት ዓይነት አለ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ፣ በቀዝቃዛ አየር፣ በአቧራ ወይም በርበሬ ሲቀመም ይነሣል። የሚታወቀው በትንፋሽ መለኪያ ነው፤ የሚታከመውም በዋናነት በሚሳብ መድኃኒት ነው። ብዙዎች ፓፍን «ከለመዱት የማይተዉት» ብለው ስለሚፈሩት የሳልቡታሞል ክኒን ይመርጣሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ክኒኑ በደም ተዘዋውሮ ልብን ያስደልቃል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ የሚሳበው ግን በጥቂት መጠን በቀጥታ ቧንቧው ላይ ያርፋል፤ ሱስም አይሆንም። የአፍንጫው ከሆነ ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ የአፍንጫ መዘጋትና ጠዋት ጉሮሮ ላይ የተለጠፈ ንፍጥ ይኖራል። አሲዱ ከሆነ ቃር ወይም ጎምዛዛ ነገር ወደ አፍ መመለስ ይታያል፤ ከመተኛት 3 ሰዓት በፊት እራት መጨረስና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ቃር ለሌለው ሰው ግን ለሳል ብሎ ኦሜፕራዞል የተባለውን የአሲድ መቀነሻ ለወራት መዋጥ አልመክርም።

ጋደም ሲሉ የሚብስ ሳል ልብንም ያስታውሳል። ግፊት ያለባቸው ሰው ሌሊት ሳልና ትንፋሽ ማጠር ቀስቅሷቸው ተነሥተው ቁጭ የሚሉ ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ትራስ ካልደረደሩ መተኛት ካልቻሉ፣ እግራቸውም ካበጠ፣ ልብ ደሙን በሚገባ ባለመግፋቱ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ደግሞ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የሚመጣው የልብ በር መጥበብ በወጣቶችም ላይ ይህንኑ ሳል፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ አክታ ያመጣል። ስለእነዚህ ምልክቶች በጥያቄዎ ውስጥ አልጻፉም፤ እናትዎን ለይተው ይጠይቋቸው፣ ካሉም ለሐኪሙ በቅድሚያ ይንገሩ።

የሽሮፑን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ፦ ሁለቱም አያስፈልጉም። የሳል ሽሮፖች ከሳሉ መንስኤ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ የሚሰጡት እፎይታም ትንሽ ነው። ኮዴይን ያለባቸው እንቅልፍ ያበዛሉ፣ ሱስ ያስይዛሉ፣ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ትንፋሽ ሊያቆሙ ስለሚችሉ ክልክል ናቸው። ምንጩ ያልታወቀ ሽሮፕ የሚያስከትለውን አደጋ በ2022 ጋምቢያ ውስጥ የደረሰው ሐዘን አሳይቷል፤ ዳይኤትሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ የተበከሉ ሽሮፖች ከ60 በላይ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት እንዲሞቱ ምክንያት ሆነዋል። ማር በሞቀ ውኃ፣ ዝንጅብል በሻይ፣ ጉሮሮን ያለሰልሳሉና እናትዎ ቢጠጡ አልቃወምም። የምቃወመው የፌጦና የነጭ ሽንኩርቱ፣ የዳማከሴውም ነገር ሳምንታት እየበላ የአክታ ምርመራውን ሲያዘገየው ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚደረገው ይህ ነው። እናትዎን በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ የሚውጧቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ያለቁትን ሽሮፖች ጠርሙስ ጭምር፣ በከረጢት ይዘው ይሂዱ። አክታ ይስጡ፣ ራጅ ይነሡ፣ ኤችአይቪም ካልተመረመሩ ይመርመሩ። በዚያው ቀን ኢናላፕሪሉ እንዲቀየር ይጠይቁ፤ ለመቀየሩ የአክታውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፣ መድኃኒቱ ቢቀየርም ግን ውጤቱን ተከታትሎ መቀበል የግድ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ሰው ሁለት መንስኤ በአንድ ጊዜ ሊኖረው ስለሚችል ነው፤ የክኒኑ ሳል ያለበት ሰው ቲቢም ሊኖርበት ይችላል፣ መድኃኒቱ ተቀይሮ ሳሉ በግማሽ ሲቀንስ ቀሪው ሊዘነጋ አይገባም። አክታውና ራጁ ነፃ ሆነው፣ መድኃኒቱ ተቀይሮና ጭሱ ቀንሶ በ4 ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ካልታየ የትንፋሽ መለኪያ ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ።

ይህን ሁሉ ተራ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት መታየት የሚገባቸው ሁኔታዎች አሉ። ትንፋሽ ካጠረና አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ኃይለኛ የደረት ሕመም ካለ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከመንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ወይም ግራ መጋባት ከታየ አይዘግዩ። አክታው ላይ የደም ጭረት መታየት ብቻውን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለመመርመር ይበቃል፤ የሚወጣው ደም ሲኒ የሚሞላ ከሆነ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ከ3 ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን የአንድ ቀን አጣዳፊ ባይሆኑም ቀጠሮ የሚያስቀድሙ ምልክቶች ናቸው።

ወደ ሕፃኑ ልመለስ። እንጥሉ አይቆረጥም። እንጥል ጉንፋን ወይም የጉሮሮ ቁጣ ሲኖር ያብጣል፣ ረዝሞም ይታያል፤ ሕመሙ ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያበጠው ሕመም ስላለ ነው እንጂ ሳሉን ያመጣው እርሱ አይደለም። ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም በክር የሚቆረጥ ልጅ ደም እየፈሰሰው ሊሞት፣ ቴታነስ፣ ኤችአይቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ሊይዘው ይችላል፤ ሳሉም እንዳለ ይቀራል። ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ እረዳለሁ፤ ልጁን ለማንም አሳልፈው ግን አይስጡ።

ይልቁን ልጁ ተረጋግቶ ሳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጠው የሆዱንና የደረቱን እንቅስቃሴ ይመልከቱ፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ በሰዓት ይቁጠሩ። በ2 ዓመት ዕድሜ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ልጅ የሳንባ ምች ሊኖርበት ይችላልና ያን ዕለት ጤና ተቋም ይድረስ፤ ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ወሰኑ 50፣ ከ2 ወር በታች 60 ነው። አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ ጉሮሮው የሚያጓራ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም ከእንቅልፍ የማይነቃ ከሆነ ቁጥሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ሳሉ በድንገት፣ ቆሎ ወይም ለውዝ እየበላ ሳለ ተጀምሮ ከሆነ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳሉ ለጊዜው ቢበርድ እንኳ ፍሬው ካልወጣ ሳንባውን ያበላሻልና ሆስፒታል መታየት አለበት። እያስመለሰ፣ ፊቱ እየቀላ፣ በተከታታይ ስሎ መጨረሻ ላይ በጩኸት አየር የሚስብ ከሆነ ትክትክ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ የክትባት ካርዱን አውጥተው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚሰጡትን መውሰዱን ያረጋግጡ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ የአንድ ሳምንት ሳል በዚህ ዕድሜ በአብዛኛው ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ በብዛት ይስጡት፣ አፍንጫውን ያጽዱለት፣ ከመኝታ በፊትም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ያቅምሱት። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። የሳል ሽሮፕም ለዚህ ልጅ አይገዛም።

የልጁን ጉዳይ ከአያቱ የአክታ ውጤት ለይተው እንዳያዩት አደራ እላለሁ። ውጤቱ ቲቢ ካሳየ በአንድ ቤት የሚኖር ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ሳሉ ቢተወውም እንኳ፣ መመርመር አለበት፤ ሕመሙ ካልተገኘበት የመከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል፣ ከተገኘበትም ሕክምናውን ይጀምራል። ሌሎቹም የቤተሰቡ አባላት፣ አባትዎን ጨምሮ፣ በዚያው ሳምንት ለምርመራ ይቀርባሉ።